አንድ ቀፎ ሦስት አፍ

ዛጎል ከብት አይደለም፤ ቢርበው አይጮህም፣ ቢታመም አያቃስትም፣ ሲሞት እንኳ አፉን ከፍቶ ዝም ነው። ስለዚህ ዛጎል የሚጠብቅ ሰው የሚያምነው እጁን ነው። በ2104 ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ይርገዱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከገንዳዋ ዳር ቆማ እጇን ታምን ነበር። ገመዱን ሳበች፤ ቀፎው ከውሃው ብቅ አለ። ግራና ቀኝ ሰባት ጊዜ ናጠችው፣ ጭቃው ረገፈ። በሽቦው መሐል ጣቷን ሰድዳ አፏን ገርበብ ያደረገች አንዲት ዛጎል በጥፍሯ ነካ አደረገቻት። ዛጎሏ ቀስ ብላ ከደነች።

"ደህና አደርሽ የኔ እመቤት" አለቻትና ቀፎውን መልሳ አወረደችው።

ቀፎ ያሉት አያቶቻቸው ናቸው። ንብ ያነቡ የነበሩ ሰዎች የሽቦ ሣጥን ተሰጥቷቸው "በዚህ ዛጎል አርቡ" ሲባሉ ሌላ ስም አልመጣላቸውም። ትንንሾቹን ዛጎሎች ደግሞ ጫጩት ይሏቸዋል። ይህ እንግዲህ የሰው ልጅ ጠባይ ነው፤ የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ስም ካልጠራው እንቅልፍ አይወስደውም።

በጣና ዳር የሚኖር ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው። ፈቃደኛ ያልሆነ በዳር አይኖርም፤ ወደ ቆላው ካምፕ ይወርዳል። የሐይቁ ውሃ ከይርገዱ አያት ዘመን ጀምሮ አረንጓዴ ነው፤ ሳይጣራ የጠጣው ሰው ሳምንት አይሞላም። የሚያጣራው ዛጎሉ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው የራሱ ገንዳ፣ በገንዳው ውስጥ የራሱ ቀፎ አለው፤ ቀፎው ያጠራውን ያ ቤት ይጠጣል፣ ሌላ ውሃ የለም። በየገንዳው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም "አንድ ቀፎ ሦስት አፍ" ተብሎ ተጽፏል። አራተኛ ሰው ያለው ቤት ለአራተኛው አፍ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በይርገዱ ቤት የተመዘገቡት ሦስት አፎች እሷ፣ ልጇ አዝመራ፣ በአዝመራ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ናቸው። ጽንስ ከሰባተኛ ወሩ ጀምሮ አፍ ተብሎ ይመዘገባል። የአዝመራ ባል ለዚያ ሲል የራሱን አፍ ወደ ቦይ ሠራተኞች ካምፕ አዛውሮ በሦስት ወር አንድ ቀን ይመጣል። አፍ ማዛወር ከባድ አይደለም፤ ሁለት አውራ ጣት ነው የሚያስፈልገው፣ የሚሰጠው ሰውና የሚቀበለው ሰው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አዝመራ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ወልዳለች። ሁለቱም ሳያለቅሱ ተቀበሩ። ሁለተኛው ጊዜ እሷም ልትከተል ነበር፤ ደሟ ሲፈስ ያቆመችላት ጎረቤታቸው እትዬ ሉባባ ናት። የረድፉ ልጆች ሁሉ በሉባባ እጅ ነው የወጡት። በቆላው ካምፕ ሐኪም የለም፣ አዋላጅ የለም፤ ከዚያ የሚመጣ ወሬም ጥሩ አልነበረም። ይርገዱ ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር፦ መስከረም እስኪያልቅ፣ ሉባባ ባለችበት ሥፍራ፣ ልጇ በሰላም ትገላገል። ከዚህ ሌላ ከእግዜርም ከመንግሥትም የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ይርገዱ የአሥራ አንድ ቤት ረድፍ ተጠሪ ነበረች። ተጠሪ ማለት መልእክት የሚደርሰው ሰው ነው። ከዳር ጽሕፈት ቤት የሚላከው ሁሉ በእሷ ስልክ ይመጣል፣ እሷ ቤት ለቤት ዞራ ትናገራለች። ክረምት ሲሆን ሥራው ይበዛል። ጎርፉ ጭቃ ስለሚያመጣ ቀፎ በቀን ሁለቴ ይናጣል፤ አልቅት በእጅ ይለቀማል፤ ጫጩቶቹ ከትልልቆቹ ጀርባ ተላቀው ለብቻ ይሰቀላሉ። በጋ ሲሆን ውሃው ይሸሻል፣ ገመዱ በክንድ በክንድ ይረዝማል። በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ፍተሻ አለ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ቀፎ ያስወጣል፣ ዛጎል ይነካል። ካልከደነ ሞቷል። ቀፎው የሞተ ቤት በሦስት ቀን ውስጥ ይነሣል።

አሁን ስለ ሩፋኤል መናገር አለብኝ፤ ያለ ሩፋኤል ይህ ነገር አይገባም። ጳጉሜን ሦስት ቀን ሰማይ ይከፈታል፣ ዝናቡም ጠበል ነው። ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ሩፋኤል ማህፀን ፈቺ መሆኑንም ያረገዘች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። የዳር ሰዎች በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት፦ በዚያ ቀን ዝናቡ ሲጀምር የገንዳውን ክዳን ያነሣሉ፣ ቀፎውን አውጥተው ለአንድ ሰዓት ዝናቡ ላይ ይሰቅሉታል። "ሰማይ ሲከፈት ዛጎልም ይከፈታል" ይላሉ። ጠበል የነካው ዛጎል ዓመቱን ሙሉ አይታመምም ባዮች ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ አይወደውም፤ ግን አልከለከለም።

ችግሩ ዝናቡ ነው። ዝናብ በምደባ መሆን ከጀመረ ቆየ። የሰማይ ውሃ ቢሮ የሚባል አለ፤ ደመናውን እሱ ነው የሚያዘው። ለእርሻ የሚሆን ዝናብ አለ፣ አቧራ የሚያጥብ አለ፣ አንበጣ የሚገድል አለ፤ ሁሉም በቀንና በሰዓት ይታደላል። የዘንድሮው የዕደላ ሰሌዳ በነሐሴ ሃያ ወጣ። ከጳጉሜን አንድ እስከ አምስት ለጣና ደቡብ ዳር ምንም አልተመደበም።

"ሩፋኤል ያለ ዝናብ!" አለ ጋሽ ሞላልኝ ሰሌዳው ሲነበብለት። የረድፉ ሽማግሌ ነው፤ ዓሣ ይጠመድ በነበረበት ዘመን ዓሣ አጥማጅ ነበር። "እኛስ እሺ፣ የአዝመራ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?"

ይርገዱ ቤቷ ገብታ ማመልከቻ ጻፈች። "ስለ በዓሉ ክብርና ስለ ነፍሰ ጡሮች ሲባል" ብላ ጀመረች፣ አሥራ አንዱንም ቤት አስፈረመች። ሉባባ ጋ ስትደርስ ሉባባ ምስር እየለቀመች ነበር።

"እኔ ደግሞ ለሩፋኤል ምን ብዬ ነው የምፈርመው?" አለች ሉባባ እየሳቀች።

"ለአዝመራ ነው ሉቤ።"

"አይ ይርጌ! ለአዝመራማ ከሆነ ለጂንም ቢሆን እፈርማለሁ። አምጪው።" አውራ ጣቷን አሳረፈች። "ዝናብ በማመልከቻ! አያቴ ይህን ብትሰማ ከመቃብሯ ተነሥታ በከዘራ ትለኝ ነበር።"

መልሱ ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት መጣ። ይርገዱ ቀፎ እየናጠች ስልኳ ጮኸ፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነበበችው።

"ጥያቄያችሁ ተቀባይነት አግኝቷል። ጳጉሜን 3፣ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። የዝናቡ ዓይነት፦ የአንበጣ ዝናብ፣ ከሌላ ቀጠና የተረፈ። ገንዳ ይከደን። ዛጎል አይውጣ። ገንዳ ሳይከደን ለሚደርስ ጉዳት ቢሮው ኃላፊነት የለበትም። መልካም በዓል።"

የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር አንብባ እልል አለች። እልልታዋን ሰምተው ጎረቤቶቿ በየጓሯቸው ብቅ ብቅ አሉ። "ተሰጠን!" አለች። "ተሰጠን! በስምንት ሰዓት!" እነሱም እልል አሉ። የቀረውን ያነበበችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት፣ እሷም ታውቃለች። እጇን አንሥታ "ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር አለ" ብትል ያበቃ ነበር። ነገር ግን ጋሽ ሞላልኝ በዚያ ዕድሜው እየጨፈረ ነበር። አዝመራም ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በራፍ ላይ ቆማለች፤ ከሁለተኛው ልጇ ቀብር ወዲህ ይርገዱ ያን ፊት በልጇ ላይ አይታው አታውቅም ነበር። "ገንዳ ክደኑ" ካለች "ለምን?" ይባላል። የአንበጣ መርዝ ነው ካለች ማን ይቆምበታል? አዝመራን ማን ያስቆማታል? ዝናቡ ቀረ ማለት ነው። አንዲት እናት በማመልከቻ ያገኘችውን መልአክ በገዛ አፏ ትመልሳለች እንዴ?

የሩፋኤል ዝናብ ገድሎ አያውቅም አለች ለራሷ። ቢሮው የፈለገውን ይጨምርበት፤ መልአኩ ከባረከው ጠበል ነው። መርዝ ጠጥተው ያልሞቱ ቅዱሳን ስንት ናቸው! ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ስትል ሰነበተች። ከልቧም አምና ነበር፤ ወይም ያመነች መስሏት ነበር። መልእክቱን ግን አላጠፋችውም፣ ለማንም አላሳየችውም።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደመናው ከምዕራብ መጣ። አራት ማዕዘን ደመና ነበር፤ የሚታደል ደመና ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ጠርዙ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ጓሮው ወጣ። ይርገዱ ከቤት ቤት እየዞረች ገመድ ታግዝ ነበር፤ ተጠሪ ናትና ልማዱ ነው፣ የሰውን ሁሉ አውጥታ የራሷን በመጨረሻ ታወጣለች። የጋሽ ሞላልኝን ሳበች። የጎረቤቱን ሳበች። ሉባባ ጋ ስትደርስ ሉባባ ክዳኑን ራሷ አንሥታ፣ ገመዱን በክንዷ ጠምጥማ እየጠበቀቻት ነበር።

ይርገዱ ደነገጠች። ሉባባ በዚህ ሠፈር ሃያ ሁለት ዓመት ስትኖር ቀፎዋን ለሩፋኤል አውጥታ አታውቅም።

"አንቺ እንኳ ቢቀር" አለቻት።

"ምነው? እስላም ዝናብ አይመታውም?"

"አይ፣ እንዲያው... የናንተ አይደለ ብዬ ነው።"

"የኛ አይደለም። አዝመራ ግን የኛ ናት" አለች ሉባባ። "አሥሩ ወጥቶ የኔ ሲቀር ልጅቷ ቅር ይላታል። ነፍሰ ጡር ቅር አይበላት። ነይ ያዢልኝ፣ ወገቤን አሞኛል።"

ይርገዱ ያዘችላት። አብረው ሳቡት። የሉባባ ቀፎ ከረድፉ ሁሉ የተዋበ ነበር፤ አረም የለበት፣ አልቅት የለበት፣ ዛጎሎቹ መዳፍ መዳፍ ያክላሉ። በዚያች ቅጽበት ይርገዱ አፏን ከፍታ ነበር። ግን ሠፈሩ በእልልታ ተናወጠና የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

ዝናቡ ለብ ያለ ነበር። ይርገዱ ወደ ጓሮዋ ስትሮጥ አዝመራ ጸጉሯን ፈትታ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታ፣ በሆዷ ላይ የሚወርደውን ውሃ በመዳፏ እያሸች አገኘቻት። ትስቅ ነበር።

"እማዬ፣ ተንቀሳቀሰ! ነይ ንኪው! ዝናቡ ሲነካው ተንቀሳቀሰ!"

ሽታው ያን ጊዜ መጣ። የጣፈጠ ሽታ ነበር፤ የበሰለ ዘይቱን መስሎ ጀምሮ ጉሮሮ ላይ የሚመር። ይርገዱ የልጇን ክንድ ያዘች።

"ይበቃሻል! ግቢ!"

"ገና አሁን..."

"ግቢ ብዬሻለሁ! ብርድ ይመታሻል! ግቢና ታጠቢ!"

ገፍታ አስገባቻት፣ በሩን ዘጋችባት። ከዚያ ወደ ገንዳዋ ሄደች። ክዳኑ እንደተከደነ ነው፤ ገመዱ በእጇ ነው። ከደንገሉ አጥር ባሻገር አሥር ቀፎዎች በዝናቡ ውስጥ ተሰቅለዋል፣ ሰዎች ይዘምራሉ። አንድ ጊዜ ብትስብ አሥራ አንድ ይሆኑ ነበር። መልአኩን ከልቧ ብታምነው ኖሮ ትስብ ነበር። አልሳበችም። ክዳኑ ላይ ተቀመጠችበት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናቡ በጀርባዋ ላይ ሲወርድ እዚያው ተቀምጣ ቆየች። የሷ ገንዳ ከደንገሉ ጀርባ ስለሆነ ማንም አላያትም።

የቀረው እንደሚሆነው ሆነ። በዓሉ ሲያበቃ ቀፎዎቹ ወደ ገንዳቸው ተመለሱ፣ ዛጎሎቹም በጀርባቸው ያረፈውን መርዝ ይዘው ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሞላልኝ አንዷን ነካ ሲያደርጋት ቶሎ አልከደነችም፤ በጳጉሜን አምስት ጨርሳ አልከደነችም። የዘመን መለወጫ ዕለት ረድፉ መሽተት ጀመረ። ሰዎቹ ቀፎ ይንጣሉ፣ እንደገና ይንጣሉ፣ ጨው ይጨምራሉ፣ የሞተውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ማንም ዝናቡን አልጠረጠረም፤ ሩፋኤልን ማን ይጠረጥራል? ጭቃው ነው አሉ። አልቅት ነው አሉ። ሉባባ ገንዳዋ ዳር ተንበርክካ አንድ በአንድ እየነካቻቸው "ያ ረቢ፣ አንዷ እንኳ? አንዷ እንኳ?" ስትል ይርገዱ በደንገሉ መሐል ቆማ ሰማቻት።

የሷ ዛጎሎች ደህና ነበሩ። በነካቻቸው ቁጥር ይከድናሉ። ሉባባ ስትጠይቃት ገመዱ ተቀርቅሮ ቀፎው አልወጣልኝም አለቻት።

ተቆጣጣሪው መስከረም ሦስት ቀን መጣ። አረንጓዴ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ትሑት ጎልማሳ ነበር፤ "ይቅርታ እናቴ"፣ "ይቅርታ አባቴ" እያለ በየጓሮው ገባ። ነካ፣ ጠበቀ፣ ጻፈ። አሥር ቤት። ይርገዱ ጋ ሲደርስ ነካ፤ ከደነች። ፊቱ በራ፤ ሰውየው ደስ ብሎት ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም።

"መልእክቱ ደርሶዎት ነበር እናቴ? የዝናቡ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይርገዱ መሬት መሬት አየች። "ደርሶኛል።"

"እሺ" አለና ምልክት አደረገ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም፤ ቅጹ የሚጠይቀው ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ብቻ ነው።

ሉባባ በማግስቱ ልትሰናበት መጣች። ቀድማ አዝመራን አስተኝታ ሆዷን ዳሰሰች። ብዙ ጊዜ ዳሰሰች። ከዚያ ይርገዱን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ጓሮ አወጣቻት።

"ልጁ ተገልብጧል" አለች። "ቂጡ ነው ወደ ታች የመጣው። ቀኑ ሳይደርስ ማዞር ያስፈልጋል፤ ካልዞረም እኔ እንዴት እንደማወጣው አውቃለሁ። አንቺ አታውቂም። በወረቀትም ብጽፍልሽ አትችዪውም፤ የእጅ ነገር ነው።"

"ሉቤ..."

"ጽሕፈት ቤቱን ለምኜ ነበር። አሥራ አምስት ቀን ብቻ ስጡኝ አልኳቸው። ውሃሽ ከየት ይመጣል አሉኝ። እውነታቸውን ነው።" ሉባባ ወደ ገንዳው ሄዳ ገመዱን በጣቶቿ መሐል አሳለፈችው። ገመዱ አዲስ ነው፣ በደንብ ይንሸራተታል። "ያን ቀን ቀፎሽ ምን ሆኖ ነው ያልወጣው ያልሽኝ?"

"ተቀርቅሮ" አለች ይርገዱ።

"አሃ" አለች ሉባባ። ገመዱን ለቀቀችውና ረጅም ጊዜ ውሃውን አየች። ያን "አሃ" ይርገዱ እስክትሞት ድረስ ትሰማዋለች።

ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። አመሻሹ ላይ ለሦስት አፍ የሚሆነውን ውሃ ቀድታ አስቀመጠች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አሰላሰለች። ልጇን ይዛ ካምፕ ብትወርድ ሉባባ እዚያ ትኖራለች፤ ግን የስምንት ሰዓት መንገድ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ሙቀቱ፣ ከዚያ በቀን ግማሽ ጣሳ ውሃ። አዝመራ መንገድ ላይ ትቀራለች። ሉባባ ሄዳ አዝመራ ብትቀር ደግሞ አዝመራም ልጁም ይቀራሉ። ቀፎው ሦስት አፍ ነው የሚይዘው። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሲቀመጥ መልሱ የሕፃን መልስ ነበር፤ ያዘገያት እግሯ ብቻ ነው። ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያውን እልልታ የምትለው እሷ መሆኗን ስንት ወር ስታስበው ኖራለች።

መስከረም ስድስት ቀን ማለዳ መኪናው ሲመጣ ይርገዱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ትንሽ ፌስታል ይዛ ወጣች። ተቆጣጣሪው በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራ ነበር።

"አፍ ላዛውር ነው የመጣሁ" አለችው። "የኔን ለወይዘሮ ሉባባ።"

አዝመራ ከኋላዋ ሰማች። "እማዬ? ምን አልሽ? እማዬ!" እየተንገዳገደች መጥታ ክንዷን ያዘቻት። "ያለ አንቺ እንዴት እወልዳለሁ? አብደሻል? እትዬ ሉባባ፣ እባክሽ ንገሪያት!"

ሉባባ ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ ቆማ ነበር። ይርገዱን አየቻት፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ይርገዱ ዓይኗን ቀድማ ሰበረች።

"እኔ እዚህ ብሆን ምን እጠቅምሻለሁ?" አለች ለልጇ። "ከማልቀስ በቀር ምን አውቃለሁ? እሷ ታውቃለች። ስታምጪ የምትልሽን ስሚ፤ ገፋ አድርጊ ስትል ግፊ፣ ቆይ ስትል ቆይ። ሉቤ፣ ጣትሽን አምጪ።"

ሉባባ ጣቷን ሰጠች። የተቆጣጣሪው የአሻራ ማሽን ሁለት ጊዜ ጮኸ። ተቆጣጣሪው "አመሰግናለሁ" አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ይርገዱ አዝመራን አቀፈቻት፤ ሆዷ መሐላቸው ገባ፣ ልጁ ረገጣት። "በቃ፣ በቃ፣ አታልቅሺ፣ እሱም ይሰማል" አለቻት። ወደ መኪናው ስትወጣ ሉባባ ከኋላዋ መጥታ በቀስታ "አዋልዳታለሁ" አለቻት። እጇን ግን አልሰጠቻትም።

መኪናው ላይ የዘጠኝ ቤት ሰው ነበር። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት፤ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ነፋስ የማያገኘው፣ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ነው። የጠዋቱ ብርድ ይቆረጥማል። ጋሽ ሞላልኝ ጋቢውን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገላት፣ ከግራም ከቀኝም ጠቀጠቀላት።

"በዚህ ዘመን" አለ ለተሰበሰበው ሰው፣ "ሰው ለጎረቤቱ አንድ ጣሳ ውሃ አይሰጥም። ይህች ሴትዮ አፏን ሰጠች! ቦታዋን! ልጇ በምትወልድበት ወር! ተጠሪ ማለት እንዲህ ነው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሩፋኤል ለአዝመራ ይድረስላት።"

"አሜን" አለ መኪናው ሁሉ። አንዲት ሴት የይርገዱን ትከሻ ሳመች። ሌላዋ ዳቦ ቆርሳ በእጇ አስያዘቻት። ሐይቁ ከኋላቸው አንሶ አንሶ ከኮረብታው ጀርባ ገባ፤ ምስጋናው ግን አላቆመም። ስለ ማመልከቻዋ አነሡ፤ እሷ ባትጽፍ ኖሮ የመጨረሻው ሩፋኤላቸው ያለ ዝናብ ባለፈ ነበር አሉ። በሷ ምክንያት ዘንድሮ እንደ ጥንቱ ተጠመቅን አሉ። ይርገዱ ዳቦውን ይዛ ቁጭ ብላለች፤ አልጎረሰችውም። ዝም ብትል ይህ ሁሉ የሷ ነበር፦ ጋቢው፣ ዳቦው፣ በካምፑም ውስጥ ስሟ። ሉባባም ብትሆን ከዚያ ሩቅ ናት፣ ለማንም አትናገርም።

"ጋሼ" አለች። "አውቅ ነበር።"

"ምኑን ልጄ?"

"ዝናቡን። የአንበጣ ዝናብ ነው ብለው ጽፈውልኝ ነበር፣ ሁለት ቀን አስቀድመው። ገንዳ ክደኑ፣ ዛጎል እንዳታወጡ ብለውኛል። ለእናንተ አልነገርኩም። አዝመራ ዝናቡ ላይ እንድትቆም ብዬ ነው። በኋላ ፈራሁና የኔን ሳላወጣ ቀረሁ። የእናንተን በእጄ ሳብኩት።"

አንዷ ሴት ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ይርገዱ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን ዘረጋችላቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሚያነቡት ላልቻሉት አነበቡላቸው፤ "መልካም በዓል" እስከሚለው ድረስ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ሞላልኝ ስልኩን መለሰላት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጋቢውን ከጉልበቷ ላይ አነሣ፣ ከጠቀጠቀበት ከግራም ከቀኝም ሳበው፣ አራት ላይ አጠፈውና በራሱ ጭን ላይ አስቀመጠው። ዳቦ የሰጠቻት ሴት ዳቦውን አልጠየቀችም። ይርገዱ ግን መልሳ ያዢው አለቻት፤ ሴትየዋ አልተቀበለቻትም።

"ተሳደቡ" አለች ይርገዱ። "ምቱኝ። ምነው አንድ ነገር በሉኝ እንጂ! ጋሼ፣ እባክዎ!"

ሽማግሌው ቁልቁለቱን አየ። መንገዱ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ከታች የሚመጣው አየር ይሞቃል።

"ምን ያስቸኩልሻል?" አላት። "ቆላ ላይ ቀፎ የለን፣ ሥራ የለን። ለዚህ ለዚህ ጊዜ አለን።"